ከእግር መጀመር ነበረብኝ

40ኛው ደቂቃ ላይ ጉልበቴ ይጀምረኛል። መጀመሪያ የቀኙ፣ ቀጥሎ የግራው። ከዚያ መዳፌ ይደነዝዛል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ተራው የወገቤ ነው። ባትሪው ግን ገና ግማሽ ላይ ነው። ያኔ ፍሬን ይዤ እወርዳለሁ። ሄልሜቴን አውልቄ ሣሩ ላይ ጋደም እላለሁ። ሞተሯ ገና ብዙ የምትሄድበት ኃይል ይዛ አጠገቤ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ከኤሌክትሪክ ደርት ባይኬ፣ ማለትም በአፈርና በጠጠር መንገድ ከምትነዳው የባትሪ ሞተሬ ጋር፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንዲህ አለፉ። እወዳታለሁ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ይሰማል። ካቴናው ሲዞር ይሰማል። ዳገት ላይ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ክላች የለ፣ ማርሽ የለ፤ ሐሳቤ ሁሉ መንገዱ ላይ ነው። እንዲህ የምወደው ነገር ሰውነቴን ሲያሳምመኝ ከልቤ ከፋኝ። "ስለምደው ይተወኛል" ብዬ ታገሥኩ። አልተወኝም።

ስለዚህ ማሻሻል ጀመርኩ። የማሻሽለው ፍጥነቷን አልነበረም። ስለ ፍጥነት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። እኔን ያስጨነቀኝ ከእሷ ጋር እንዴት ልክ ለልክ እንደምንገጥም ነው። ብዙ ተሳሳትኩ፤ ትልቁ ስህተቴ ደግሞ የሥራው ቅደም ተከተል ነበር።

ቁመቴ 1.86 ሜትር ነው። ከነቦቲው፣ ከነሄልሜቱና ከነጉልበት መከላከያው 92 ኪሎ እመዝናለሁ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ። ከዚህ በታች የማነሳው ልክ ሁሉ የመጣው ከእነሱ ነው። የእናንተ ቁጥር ሌላ ከሆነ መልሱም ሌላ ነው።

ቀላል የሚባሉት የኤሌክትሪክ ደርት ባይኮች በብስክሌትና በሞተር ሳይክል መካከል የተወለዱ ናቸው። ሱር-ሮን ላይት ቢ እና ታላሪያ ስቲንግ ከዚህ ወገን ናቸው። ከ50 እስከ 70 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። ሙሉ መጠን ያለው የሞቶክሮስ (በአፈር ሜዳ ላይ የሚወዳደሩበት) ሞተር ግን 100 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። የሞቶክሮስ ሞተር መቀመጫ ከመሬት 95 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይርቃል። የእነዚህ 85 እንኳ አይሞላም። በብዙዎቹ ላይ የመሪው ማሰሪያ 31.8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የተራራ ብስክሌት ልክ ነው። የሞተር ሳይክል መሪ ግን 22.2 ወይም 28.6 ነው። የፊት አሞርዛተራቸውም 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ቁልቁል የሚጋልቡት የተራራ ብስክሌቶች የሚሄዱትን ያህል ማለት ነው። ስታርክ ቫርግን የመሰሉ ሙሉ መጠን ያላቸው የኤሌክትሪክ ሞቶክሮሶች አሉ። እነሱ ላይ የረጅም ሰው ችግር እንዲህ አይከፋም። የኔ ግን ከቀላሎቹ ወገን ናት።

የብስክሌት ዘመድ መሆኗ ጥቅም አለው። ከብስክሌቱ ዓለምም ከሞተሩ ዓለምም ዕቃ ይገጥማታል። ጉዳቱ ደግሞ ያው ነው። ዕቃው ስለበዛ ሰው ከየትም ይጀምራል።

እኔ ከመቀመጫ ጀመርኩ። ቂጤ ነው የሚያመኝ፣ መቀመጫ ነው የምቀይረው ብዬ አሰብኩ። በ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ሲነኩት እንደ ትራስ ልስልስ የሚል መቀመጫ አመጣሁ። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ደስ ይላሉ። ከዚያ ስፖንጁ ይረገጥና ከሥር ያለው ደረቅ ፕላስቲክ ይሰማል። ልስላሴና ምቾት አንድ እንዳልሆኑ ያኔ ገባኝ። ለረጅም ጉዞ የሚሻለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ነው። ክብደትን ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ ቶሎ አይሟሽሽም። ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ወዳጅ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነበር። ተቀምጬ ስሄድ ጉልበቴ ትንሽ ተፈታ፤ እሰየው። ግን ቂጤ ከፍ ሲል መሪው ባለበት ቀረ። ስለዚህ ከበፊቱ ይልቅ ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ባሰበት። ስቆም ደግሞ መቀመጫው ምንም አልጠቀመኝም። ድንጋይና ጉድጓድ ያለበት መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ሰዓት ቆሞ ነው የሚሄደው። መቀመጫ ቀይሬ የቆመ ሰው ችግር ልፈታ ነበር።

አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ አንድ ቀን ከጎን ፎቶ አነሳኝ። መሬቱ ሜዳ ነው፣ እኔ መርገጫው ላይ ቆሜያለሁ። ፎቶውን አየና "ወንድሜ፣ ቆመህ ነው ወይስ ልትቀመጥ ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። ጉልበቴ ታጥፏል፣ ጀርባዬ ጎብጧል፣ አንገቴ ወደ ላይ ተሰብሯል። እጄ ሙሉ ክብደቴን ይዞ መሪው ላይ ተደግፏል። መዳፌ ለምን እንደሚደነዝዝ ጠይቄ የማላውቀው ጥያቄ መልሱ እዚያ ፎቶ ላይ ነበር።

ያን ምሽት ሞተሯን ግድግዳ አስደግፌ ሜትር ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሞተሩን የሚነካው በሦስት ቦታ ነው፦ በእግሩ፣ በመቀመጫው፣ በእጁ። ሦስቱን በመስመር ብታገናኟቸው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሁሉም ሲቆም የሚደገፈው ግን እግር ላይ ነው። መቀመጫው ከፍ ይበል ዝቅ ይበል የሚባለው ከመርገጫው አንጻር ነው። መሪው ሩቅ ነው ቅርብ የሚባለውም እንደዚሁ። መርገጫው ከተንቀሳቀሰ ሁለቱም ልኮች ይለወጣሉ። እኔ ደግሞ መርገጫውን ነክቼው አላውቅም።

ስለ መርገጫ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውራ። ማንም ስለማያወራለት ነው።

የመጀመሪያው መርገጫዬ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። 92 ኪሎ ሰው እዚያች ጠባብ ብረት ላይ ሲቆም የውስጥ እግሩ መሐል ለመሐል ይታጠፋል። እግር እንዳይታጠፍ ባት ይጠነክራል። ባት ሲጠነክር ጉልበት ይደርቃል። የደረቀ ጉልበት ደግሞ ከመሬት የሚመጣውን ምት ሳያበርድ ወደ ወገብ ያሳልፈዋል። ወገቤን ያመመኝ እንግዲህ ከጫማዬ ሥር የጀመረ ነገር ነው። 57 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሹል ሹል ጥርስ ያለው መርገጫ ገጠምኩ። ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ታወቀኝ። ጥርሱ ጭቃ የነካውን ቦቲ እንኳ አይለቅም። እግሬ ስለማይንሸራተት በጉልበቴ ሞተሯን መጨበጥ ቀነስኩ።

ቀጥሎ ቦታው። የነዳጅ ሞተር ላይ መርገጫ ማንቀሳቀስ ጣጣ አለው። በግራ እግር ማርሽ፣ በቀኝ እግር የኋላ ፍሬን አለ። መርገጫው ሲወርድ እነሱም አብረው መስተካከል አለባቸው። የኔ ሞተር ግን እንደ ብስክሌት ሁለቱም ፍሬን እጅ ላይ ነው፤ የኋላው በግራ፣ የፊቱ በቀኝ። ማርሽ የላትም። እግሬ ከመቆም ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ መርገጫውን ወደሚመቸኝ ቦታ መውሰድ እችላለሁ። ይህን ያህል ነፃነት እያለ አለመጠቀም ያሳዝናል።

በመሐል የሚገባ ብረት ተጠቅሜ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ታች፣ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ አደረግሁት። ወደ ታች መውረዱ ግሩም ነበር። ጉልበቴ ተፈታ። ወደ ኋላ መሄዱ ግን በዛ። ክብደቴ ወደ ኋላ ሄደና ዳገት ላይ የፊት ጎማዋ መነሳት ጀመረ። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ጀምሮ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ወደ 10 ሚሊ ሜትር መለስኩት። አሁን እዚያ ላይ ነው።

ዋጋው ምንድን ነው? መርገጫው መሬት ይቀርባል። ጎማ ባረሰው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ስገባ አንዳንዴ ጠርዙን ይነካል። ድንጋይ የሚበዛበት ቦታ የምትነዱ ሰዎች 25 ሚሊ ሜትር ሊበዛባችሁ ይችላል። ሌላው ብሎኑ ነው። ሙሉ ክብደት የሚሸከም ብሎን ነውና እንዳይላላ የሚያደርገውን ሙጫ ቀቡት። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም እንደገና አጥብቁት። እኔ ካጠበቅኩ በኋላ በብሎኑና በብረቱ ላይ አንድ የቀለም መስመር አሰምራለሁ። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው። በዓይን ብቻ ይታያል።

እግሬ ቦታውን ሲያገኝ መሪው ምን ያህል እንደሚጎድል በትክክል ለማየት ቻልኩ። ቀላል ሙከራ አለ። መርገጫው ላይ ቁሙ፤ ሰው ሞተሯን ይያዝላችሁ። ከወገባችሁ ትንሽ እጠፉ፣ ጉልበታችሁን ፈታ አድርጉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። እጃችሁ በራሱ የሚያርፍበት ቦታ መሪው መሆን ያለበት ቦታ ነው። የኔ እጅ ከመሪው በላይ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል አየር ላይ ቀረ።

መሪውን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ማስነሻ ገጠምኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የመሪው ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። የኔ ከቀጥታው መስመር 25 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ማስነሻው በዚያው ዘንበል ላይ ስለሚቆም 50 ሚሊ ሜትሩ ሁሉ ወደ ላይ አይሄድም። 45 ያህሉ ወደ ላይ፣ 21 ያህሉ ወደ ኋላ ይሆናል። መሪው ከፍ ሲል ወደ ሆድ ይቀርባል ማለት ነው። ለረጅም ሰው ይህ ተመልሶ ያጠብበዋል። እኔ መሪውን ማሰሪያው ውስጥ ትንሽ ወደ ፊት አዙሬ የተወሰነውን አስመለስኩ። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ራሱ ከፍ ብሎ የታጠፈ መሪ ገዝቼ ማስነሻውን አሳጥረው ነበር። ማስነሻ በረዘመ ቁጥር መውደቅ ላይ የመጠምዘዝ ዕድሉ ይጨምራል።

መሪው ላይ ትልቁን ጥፋቴን ሠራሁ። ከፍ ካደረግሁት በኋላ ቀጥ አድርጌ አየሁት፤ ሁሉም ነገር ደረሰ። የፍሬኑ ቱቦ ደረሰ፣ የቀኙ እጀታ ሽቦ ደረሰ። ረክቼ ወጣሁ። ጠባብ መታጠፊያ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ሳዞር ኃይሏ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሸርተቴ ላይ ነበርኩ፤ በጎኔ ወደቅኩ። ነገሩ ቀላል ነው። የኃይል መስጫው እጀታ ውስጥ የእጅን እንቅስቃሴ የሚያነብ ሴንሰር አለ። ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጡለታል፤ አንዱ ኃይል ያስገባል፣ አንዱ ኔጌቲቭ ነው፣ አንዱ መልእክት ይወስዳል። መሪው ሲዞር ሽቦው ተወጥሮ ከመገናኛው ወጣ። ደግነቱ ኃይል መስጠት ነው ያቆመው። ተወጥሮ የነበረው የፊት ፍሬን ቱቦ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይሰቀጥጠኛል።

ስለዚህ መሪ የምታነሱ ሰዎች፣ በእግዚአብሔር፣ ይህን አድርጉ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሱ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩ። አሞርዛተሩንም እስከ ታች ተጫኑት። ሽቦና ቱቦ አንድም ቦታ መወጠርም መቆንጠጥም የለበትም። ከተወጠረ ማስረዘሚያ ሽቦና ረዘም ያለ ቱቦ ያስፈልጋል። ይህ ሳይሟላ አትንዱ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የባትሪውን መገናኛ ንቀሉ። ቁልፍ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ እጅ ሳይታሰብ እጀታውን ቢያዞረው ሞተሯ ድምፅ ሳታሰማ ትዘላለች። የመሪውን ማሰሪያ ብሎኖችም አንዱን እስከ መጨረሻ ሳይሆን እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ።

የፍሬን እጀታው ነገር አጭር ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ቆማችሁ ስትይዙት ከክንድ እስከ ጣት ቀጥ ያለ መስመር መውጣት አለበት። አንጓ ወደ ላይ ከተቆለመመ እጀታው በጣም ከፍ ብሏል። በአንድ ጣት ወይም በሁለት ጣት እንዲደርስ አቅርቡት። የእጅ መያዣ ጎማውን በተመለከተ እኔ ወፍራም የመረጥኩት እጄ ትልቅ ስለሆነ ነው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው ወፍራም ቢይዝ ክንዱ ቶሎ ይደክማል። ወፍራም ሁሉ ምቹ አይደለም።

አሁን ወደ ኋላው አሞርዛተር ሞላ ልምጣ። ከሁሉ ነገር ይልቅ ያስገረመኝ እሱ ነው።

ኋላዋ ሁልጊዜ ዝቅ ያለች ይመስለኝ ነበር። መቀመጫው ወደ ኋላ ያዳልጠኛል። እንዳልንሸራተት መሪውን እስባለሁ። ክንዴ የሚደክመው ከመሪው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ የሞላው ሥራ ነው። እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱና ከጎማው መሐል ዘንግ ቀጥ ብሎ እስከ ጭቃ መከላከያው ድረስ ለኩ። ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ሞተሯን መሬት ላይ ብቻዋን አቁሙና ለኩ። በመጨረሻ ሙሉ ትጥቃችሁን ለብሳችሁ ቁሙባትና ሰው ይለካላችሁ። ጎማው ተንጠልጥሎ የኔ 610 ሚሊ ሜትር ነበር። ብቻዋን ስትቆም 596። እኔ ስወጣባት 530። በራሷና በእኔ ክብደት ብቻ፣ ሳልዘል ሳልነጥር፣ 80 ሚሊ ሜትር ወርዳለች ማለት ነው። የኋላ ጎማዋ የሚሄደው በጠቅላላ 200 ሚሊ ሜትር ነው። ገና ሳልነሳ 40 በመቶው አልቋል።

ብዙ ነጂ የሚስማማበት ልክ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሙሉ መጠን ያለው ሞቶክሮስ ወደ 300 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ እሱ ላይ 100 አካባቢ ይደረጋል። ለኔ 60 አካባቢ ማለት ነው። ሞላውን የሚጫነውን ቀለበት አጥብቄ 62 ላይ አመጣሁት። "ተገኘ!" አልኩ። ግን ከላይዋ ስወርድና ብቻዋን ስትቆም ለካሁ። ዜሮ። ምንም አልወረደችም። ይህ ምልክት ነው። ሞላው ለክብደቴ ልል ነው፤ እኔ ደግሞ በመጫን ብቻ ላደነድነው እየሞከርኩ ነው። እንዲህ የተደረገች ሞተር ጎማዋ ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አትችልም። ከጉድጓድ ጉድጓድ ትዘላለች፤ ምቱም ወገብ ላይ ይወጣል። የዚህ ተቃራኒም አለ። ሰው ሲወጣባት ልኳ ትክክል ሆኖ ብቻዋን ስትቆም ብዙ የምትወርድ ከሆነ ሞላው ጠንክሯል።

በሞላው ላይ 450 የሚል ቁጥር ነበር። ሞላውን በአንድ ኢንች ለመጫን የሚያስፈልገው ክብደት በፓውንድ ነው። 550 የሚለውን ገጠምኩ። እኔ ስወጣባት 62፣ ብቻዋን 8። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ጠንካራ ሞላ ያስገባሁ አልመሰለኝም፤ ለስላሳ የሆነች መሰለኝ። ኋላዋ 18 ሚሊ ሜትር ከፍ አለች። መቀመጫው ተስተካከለ። መሪውን መሳብ አቆምኩ። ክንዴ ያረፈው ያን ቀን ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብባል ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። መለካቱ ደግሞ በነፃ ነው።

ጎማ ላይ ብዙ አልልም። የብስክሌት ፓምፕ ያዙና አየሩን ትንሽ ቀንሱ፣ ንዱ፣ እንደገና ቀንሱ። እኔ 14 ፒ.ኤስ.አይ ላይ ነኝ። ከዚያ በታች ድንጋይ ላይ ከመነዳሪውን ቸርኬው ይነክስብኛል።

ኃይል አሰጣጧም የምቾት ጉዳይ ነው ብል የሚገርማችሁ ይኖራል። ከቆመችበት ስትነሳ በድንገት የምትዘል ከሆነ ሰው ሳያውቀው እጀታውን እያነቀ ይነዳል። ታንቆ የተያዘ እጅ በ20 ደቂቃ ውስጥ ክንድን እንደ እንጨት ያደርቃል። ድንጋያማ ቦታ ላይ ዝቅተኛውን የኃይል ደረጃ እመርጣለሁ። ፍጥነቴ አልቀነሰም። እጄ ስለተፈታ እንዲያውም የተሻለ መስመር እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ወደ መቀመጫው ተመለስኩ። ለስላሳውን አወጣሁ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ ስፖንጁ ጠንካራ የሆነ ገጠምኩ። መርገጫው ስለወረደ ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም። መጀመሪያ ከእግር ብነሳ ኖሮ የመጀመሪያውን መቀመጫ ባልገዛሁ ነበር። ትልልቅ ጎማ ማስገባት፣ 21 ኢንች ከፊት 18 ኢንች ከኋላ፣ ብዙ ሰው ይመክረኛል። አላደረግሁትም። ክብደት ይጨምራል፣ ቀላልነቷን ይወስዳል። የወደድኳት በቀላልነቷ ነው።

ከዚያ ታናሽ እህቴ መጣች።

1.60 ሜትር ናት። ከነትጥቋ 55 ኪሎ። ሞተሯን በጣም ነው የምትወዳት። ባለፈው ዓመት፣ ምንም ሳልነካት፣ ስትነዳት ደስ ብሏት ነበር። ዘንድሮ ስትወጣባት ፊቷ ተለወጠ። እግሯ መሬት አልደረሰም። መሪው ደረቷ ጋ ደረሰ። እያንዳንዱ ድንጋይ ያነጥራታል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣች።

"ለራስህ አሳምረሃታል። ለእኔ ግን አበላሽተሃታል" አለች።

አልተቆጣችም። እንደ እውነት ነው የተናገረችው። እኔም ሜትሬን አመጣሁ። ስትወጣባት 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ወረደች። ለእሷ ሞላው ድንጋይ ነው። ያወጣኋቸውን ዕቃዎች በካርቶን አስቀምጬ ነበር። የድሮውን 450 ሞላ መለስን። ቀለበቱን እያስተካከልን ለካን፤ 60 ላይ መጣ። ለእኔ የማይረባ ያልኩት ሞላ ለእሷ ልክክ ያለ ነው። የድሮውን መቀመጫ መለስን። ማስነሻውን አውጥተን መሪውን ዝቅ አደረግን። መርገጫውን ብቻ እንዳለ ተውነው፤ ሰፊ መርገጫ ለሁሉም እግር ደግ ነው። የቀኙን እጀታ ወፍራም ጎማ በቀጭን ቀየርን። ማስረዘሚያ ሽቦው ስለተረፈ ሰብስበን ከሻንሲው ጋር አሰርነው፤ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዞርን።

አሁን ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የእሷ። እሷ በምትነዳበት ቀን ጠዋት ተነስተን እንቀይራለን። ሞላው ነው የሚያደክመው፤ ለብቻው አንድ ሰዓት ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ እኔ ነበርኩ የምሠራው። አሁን ብሎኑን የምትፈታው እሷ ናት፤ እኔ መብራት እይዛለሁ።

ባለፈው ጊዜ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። 40 ደቂቃ አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ስልኬን አየሁ፣ መንገዱን አየሁ። ሞተሯ ድምፅ ስለሌላት ስትመጣ አስቀድሞ አይታወቅም። መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ነው። ከዚያ ካቴናው። ቆማ ነው የመጣችው፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፣ ክርኗ ወጣ ብሏል፣ ጉልበቷ ፈታ ብሏል። አጠገቤ አቆመችና ሄልሜቷን አወለቀች። ላብ በላብ ሆናለች።

"ወገብሽስ?" አልኳት።

"ደህና ነው። የግራው ፍሬን ነው ትንሽ የሚርቀኝ" አለች። ጓንቷን እያወለቀች እጇን ዘረጋች። "ቁልፉን ስጠኝ።"